ባቡሩ ጎን የሚቀይርበት ቦታ

[ምስል፦ ከባቡሩ የፊት መስኮት የሚታዩ ሁለት ሐዲዶች]

ከፓሪስ ወደ ስትራስቡርግ በሚወስደው የድሮ መስመር ላይ ነን። ፈረንሳይ ውስጥ መኪና በቀኝ ይሄዳል፤ ባቡር ግን በግራ። የእኛም ባቡር ግራውን ይዟል። አሁን ሳረቡርግ ልንደርስ ነው። እዩልኝ፤ አንዱ ሐዲድ ቀስ እያለ ከፍ ይልና በድልድይ ሌላውን ተሻግሮ ይወርዳል። በቃ፣ ከዚህ ወዲያ በቀኝ ነው የምንሄደው።

[ምስል፦ የ1871 ካርታ]

ነገሩ የጀመረው በ1871 ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ፈረንሳይ በጦርነት ተሸንፋ ስትራስቡርግ ያለችበትን የአልሳስ ክፍለ ሀገርና ሳረቡርግና ሜትዝ ያሉበትን የሎሬንን ከፊል ለጀርመን አስረከበች። ሐዲዱ ግን የመንግሥት ሳይሆን የአንድ የግል ኩባንያ ነበር። ስለዚህ በፍራንክፈርቱ የሰላም ውል መላ ተበጀ። ፈረንሳይ መስመሩን ከኩባንያው ወስዳ ለጀርመን ትሰጣለች፤ ዋጋው 325 ሚሊዮን ፍራንክ ከተጣለባት የ5 ቢሊዮን ፍራንክ የጦር ካሳ ይቀነስላታል። እስቲ አስቡት፤ ጀርመን ሐዲዱን የገዛችው ከተሸናፊዋ በምትቀበለው ገንዘብ ነው።

በወቅቱ ጀርመን ውስጥ ፕሩሲያም ባቫሪያም የየራሳቸው ባቡር ነበራቸው። ይሄኛው ግን በቀጥታ የመላው ጀርመን መንግሥት ንብረት ሆነ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ስትራስቡርግ ተከፈተ። ደንቡም፣ ምልክቱም፣ የሚኬድበት ጎንም የጀርመን፣ ማለትም ቀኝ፣ ሆነ።

[ምስል፦ የሜትዝ ባቡር ጣቢያ]

በ1908 የተከፈተውን የሜትዝ ጣቢያ ተመልከቱ። ፊቱ ብቻ ወደ 300 ሜትር ይረዝማል። ይህን ያህል የገዘፈው ለተራው መንገደኛ ታስቦ አይደለም። ጦርነት ቢነሳ ወታደሩና ፈረሱ ቶሎ እንዲጫን ነው።

በ1918 ጀርመን ተሸነፈች፣ ሐዲዱም ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። የቀድሞው ኩባንያ ግን አላገኘውም፤ የፈረንሳይ መንግሥት ራሱ ያዘው። በ1938 ከብሔራዊው የባቡር ድርጅት ጋር ተቀላቀለ። በ1940 ደግሞ ጀርመኖች መጥተው ወሰዱት። ጦርነቱ ሲያበቃ እንደገና የፈረንሳይ ሆነ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ የሠራተኛው ነገር ነው። በ1910 ስትራስቡርግ ውስጥ ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ እናስብ። እስከ 1945 ከሠራ፣ ከሰፈሩ ንቅንቅ ሳይል አራት ጊዜ አሠሪ ተቀይሮበታል። ማለዳ የሚሄደው ወደዚያው ጣቢያ ነው፤ አለቃው የሚያዝበት ቋንቋ ግን ይቀያየራል።

[ምስል፦ ድልድዩ ከላይ ሲታይ]

ታዲያ ፈረንሳይ ለምን ወደ ግራ አልመለሰችውም? ምልክቱም ጣቢያውም የተሠራው በቀኝ ለሚሄድ ባቡር ነው። ያን ሁሉ አፍርሶ እንደገና መሥራት ከባድ ነበር። እናም በድሮው ድንበር አካባቢ መሻገሪያ ድልድይ ተሠራ። ከስትራስቡርግ በዚሁ መስመር ስትመለሱም፣ ሳረቡርግን አልፋችሁ ባቡሩ ወደ ግራው ይሻገራል።