ይቺ ከመሬት የወጣች ነጭ ነገር ምንድን ናት?

እንደምን ናችሁ ቤተሰቦች! ዛሬ አንዲት ትንሽ ነገር እንመረምራለን። እዩዋት። የጣት ጫፍ ብታክል ነው። ኖራ የተቀባች ትመስላለች። ግን ክብደቷ! 30 ግራም ገደማ። የወጣችው ከቨርጂኒያ፣ ማናሳስ አካባቢ፣ ከአንድ የግል እርሻ ነው። በባለቤቱ ፈቃድ፣ በዲቴክተር፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለ ብረት በሚጠቁም መሣሪያ።

አሁን እንገልብጣት። ቂጧ ባዶ ነው። ጎኗ ላይ ሦስት ክብ መስመር አለ። በቃ፣ ታወቀች! ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥይት ናት። ሚኒዬ ይሏታል።

ቂጧ ለምን ተቦረቦረ? ከገጠር ዘይት በጀሪካን ያመጣ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የጀሪካኑ ክዳን ሲላላ እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? ፌስታል! ፌስታል ጣል አድርገው ክዳኑን ጥብቅ ያደርጉታል። ፌስታሉ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል። አውቶቡስ ላይ ቢገለበጥ እንኳ ጠብ አይልም። ፌስታል የሌለው ጀሪካን አጠገብ ተቀምጣችሁ የተጓዛችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሱሪያችሁ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እዚህም ያው ነው። ጠመንጃው የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። ጥይቷ ቶሎ እንድትገባ ከቱቦው ቀጠን ትላለች። ባሩዱ ሲቀጣጠል ባዶው ቂጥ ይነፋና ከቱቦው ጠመዝማዛ ፈለግ ጋር ይገጥማል። እየተሽከረከረች ትወጣለች። ጎኗ ላይ ያሉት መስመሮች የማለስለሻ ስብ መያዣ ናቸው። አለቀ።

አሁን ወደ ኮመንታችሁ። ባለፈው የጥርስ ምልክት ያለባትን ጥይት ሳሳያችሁ “ወታደሩ እግሩ ሲቆረጥ ሕመሙን ለመቻል የነከሳት ናት” ያላችሁ ብዛታችሁ! ታሪኩ ያምራል። ግን የዚያ ጦርነት ሐኪሞች ክሎሮፎርምና ኤተር ነበራቸው። አብዛኛውን ቀዶ ጥገና የሠሩት በማደንዘዣ ነው። ታዲያ ማን አኘካት? አሳማ! እውነቴን ነው። አሳማ አፈር ሲምስ ያገኘውን ሁሉ ያላምጣል። ጥልቅና የተዘበራረቀ የመንጋጋ ምልክት ካያችሁ አሳማውን ጠርጥሩ። ጀግናችሁ አሳማ ሆኖ ሲገኝ ያበሳጫል፣ ምን ላድርግ? በቢላ የተፈቀፈቀች ከሆነች ግን የሰው እጅ ነው። ወታደሮች ሥራ ሲፈቱ ከጥይት የቼዝ ጠጠርና ዳይስ ይቀርጹ ነበር።

ነጩን ነገር እባካችሁ አትፈግፍጉት። ጥይቷ የተሠራችበት እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት መሬት ውስጥ ሲቆይ የሚያበጀው ልባስ ነው፤ ውስጡን ይጠብቃል። መርዝም ስለሆነ እጃችሁን ታጠቡ። ማናሳስ ብሔራዊ የጦር ሜዳ ፓርክ ውስጥ ግን ዲቴክተር ይዛችሁ እንዳትገቡ፤ በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የሚቀጥለው ስለ ወታደር ኮት ቁልፍ ነው።