ዘንድሮ ያልተሰጠው ሽልማት
(በዩኒቨርሲቲ መምህራን ማህበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሊቀመንበሩ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ክቡራን ዲኖች፣ ውድ የማህበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስለሆነ አላነበውም። የደረጃ እድገት መጓተትን ለሴኔት አቅርበናል፤ ጡረታ የወጡትን በክብር ሸኝተናል፤ የአባልነት መዋጮም ከሞላ ጎደል ተሰብስቧል። ዓመቱን ሙሉ ያነታረከን ግን የምርጥ መምህር ሽልማት ሳይሰጥ መቅረቱ ነው።

የሽልማት ኮሚቴው አድልቷል ተብሎ በየኮሪደሩ ሲወራ ሰንብቷል። መመሪያው ከእያንዳንዱ እጩ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የኮርስ አውትላይን፣ አንድ ፈተና ከነማረሚያ መስፈርቱ፣ መምህሩ አስተያየት የጻፈባቸው የጎበዝ፣ የመካከለኛና የደካማ ተማሪ ሥራዎች፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተደረገ የክፍል ምልከታ። የቀረበልን ግን የምዘና ነጥብ ብቻ ነበር።

ያ ነጥብ እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን። ግማሹ ከተማሪ፣ 35 በመቶው ከትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ 15 በመቶው ከባልደረባ ነው። ተማሪው ቅጹን ካልሞላ ግሬዱን ማየት ስለማይችል አንዱን ቁጥር ከላይ እስከ ታች እየነካ ይወርዳል። ላብራቶሪ የሌለው ኮርስ «ላብራቶሪውን በአግባቡ ይመራል» በሚለው ጥያቄ 5 ከ5 አግኝቶ አይተናል! የክፍሉ ብዛትም ሌላ ጣጣ አለው። ከ8 ተማሪ ሰባቱ 5፣ አንዱ ተናዶ 1 ቢሰጥ አማካዩ 4.5 ይሆናል፤ ያው ንዴት በ80 ተማሪ መካከል ቢገባ 4.95 ነው። ኃላፊው በእርግጠኝነት የሚያውቀው ማን ክፍል እንደቀረና ማን ግሬድ እንዳዘገየ ነው። የባልደረባው ምዘናማ እከክልኝ ልከክልህ ሆኗል።

በመውጫ ፈተና ውጤት እንሸልም ያላችሁም አላችሁ። ፈተናው ተማሪው በዓመታት ከብዙ መምህራን የተማረውን ጨፍልቆ ስለሚለካ፣ የማንን ድካም ለማን እንሰጣለን?

የሚቀረው ክፍል ገብቶ ማየት ነው። ታዛቢው አስቀድሞ ከመምህሩ ጋር የዕለቱን ዓላማ ይነጋገራል። ከኋላ ይቀመጥና በየአምስት ደቂቃው ተማሪዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ይጽፋል። መምህሩ ጠይቆ ስንት ሰከንድ ይታገሣል? ከፊት ወንበር ውጭ ማን መለሰ? «ገባችሁ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ስላይዱን ማሳለፍ የሁላችንም በሽታ ስለሆነ እሱም ይመዝገብ። ግብረ መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሰጠ ሁለቱም ይረሱታል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኤችዲፒ የተባለውን የመምህራን የማስተማር ሥልጠና ስንወስድ እርስ በርስ ክፍል ገብተናል፣ ፖርትፎሊዮም አዘጋጅተናል፤ ሰርተፍኬቱ እጃችን ሲገባ ተውነው። የሚያስቆጨው የሚሸለም ሰው ሞልቶን ሳለ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ፈተና በሳምንት አርሞ፣ ብዙዎች የተሳሳቱበትን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ መልሶ የሚሠራ መምህር በየትምህርት ክፍሉ አለን። አንድም ባልደረባ ክፍሉ ገብቶ ስላላየው ፋይሉ ባዶ ነው።

አንጋፋ ፕሮፌሰሮቻችን ዛሬም አልመጡም፤ የምታገኟቸው ንገሩልኝ። ረዳት ሌክቸረር የፕሮፌሰርን በር አንኳኩቶ «ልታዘብዎት» ሊል አይችልም። በሩን መጀመሪያ መክፈት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ለእርስዎም አንድ ነገር አለኝ። ለደረጃ እድገት የታተመ ጽሑፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከማስተማር ግን የሚታየው ዝቅተኛውን ነጥብ ማለፉ ብቻ ነው። መምህሩ ይህን እያየ ጊዜውን ወዴት እንደሚያውል ግልጽ ነው። ለሽልማቱም ከምስክር ወረቀት ያለፈ በጀት ይያዝልን።

የምልከታ ቅጹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ሁለት ሁለት ውሰዱ፤ በአንዱ ባልደረባችሁን ታዘቡ፣ ሌላውን እናንተን ለሚታዘበው ስጡ። የተሞላውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ለኮሚቴው ጸሐፊ አስረክቡ።

ጉባኤው ተከፍቷል።