ችግኙ ይቆየንና መጀመሪያ ጋስኬቱ

የተከበራችሁ የድርጅታችን ኃላፊዎች፣ ከቀበሌ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የፈረቃ ጓደኞቼ፤ እንደምን አደራችሁ?

የደብረ ብርሃን ሐምሌ ረጅም ንግግር አይወድም። ጉሙ ወርዷል፤ ዝናቡም ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል። አጭር አድርጌ ነው የጻፍኩት። ባለቤቴ ግን ትናንት ማታ አንብባው «ይሄ ነው አጭሩ?» ብላኛለች።

የተጠራሁት የጥገና ክፍሉን ወክዬ ስለ አካባቢ ጥበቃ እንድናገር ነው። ርዕሱ ከኋላዬ ባነሩ ላይ ተጽፏል። ባነሩ ፕላስቲክ ነው። እሱን እንለፈው።

ከዚህ ስንወጣ ችግኝ ልንተክል ነው። እኔም አካፋዬን ይዤ እወጣለሁ። ችግኝ የሚጠላ ሰው የለም። ግን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እዚህ አገር ምን እንደሚሠራ ለእናንተ አልነግርም። ሐምሌ ላይ አቅፈነው ፎቶ የተነሳነውን ችግኝ ኅዳር ላይ ሄዶ ያየ ማነው? እጁን ያውጣ። አላችሁ? እኔም የለሁበት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ካቻምና የካቲት ላይ ነው። ውኃ እያፈላ እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ካለበት ቤት ጀርባ በአጥሩ ሥር የሚያልፈውን ቱቦ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እንፋሎቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ውኃ ሆኖ ወደ ቦይለር የሚመለስበት ነው። አንድ መጋጠሚያው ላይ ውኃ እንዳያፈስ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተበላ። ውኃው ትኩስ እንደሆነ በአጥሩ ሥር ወደ ውጭ መፍሰስ ጀመረ። በየካቲት ሜዳው ሁሉ ገለባ ይመስላል። ከእኛ አጥር ትንሽ ራቅ ብሎ ግን፣ ውኃው ቀዝቀዝ በሚልበት ቦታ፣ ሁለት ምንጣፍ የምታህል ሣር ለመለመች። መጀመሪያ ያወቁት በጎች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ይጠብቁኝ ጀመር።

በሁለተኛው ወር አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው መጡ። ሬዲዮ የሚሰማ ጉድ እንዳይመስላችሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል። «ልጄ፣ ይቺ ፍል ውኃ መቼ ፈለቀች?» አሉኝ። «እማማ፣ ፍል ውኃ አይደለም፤ ከእኛ ቦይለር የሚወጣ ነው፤ ኬሚካል አለበት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «መድኃኒት ካለውማ ለጉልበቴ ጥሩ ነው» ብለው ጀሪካናቸውን አስጠጉ። ለምኜ ነው የመለስኳቸው።

የሌሊት ጥበቃችንም አሉ። እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን አልጠራም። እሳቸው ደግሞ ጋቢያቸውን ቱቦው ላይ እያሞቁ ነበር የሚያድሩት። ልጠግነው ነው ስላቸው «ተው ልጄ፣ የዚህን አገር ብርድ እያወቅህ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር አሳዘኑኝ። ግን አይጨነቁ፣ ቱቦው የሚጠገን አልነበረም።

ምክንያቱም ጋስኬት የለም። ዋጋው ለሁለት ሰው የክትፎ ሒሳብ አይሞላም። የግዢ ጥያቄ ጻፍኩ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። የአንዱ ማኅተም ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። እንደገና አመጣሁ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰኔ ደረሰ፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ ሐምሌ ላይ አዲስ ጥያቄ ጻፍ። በዚያው ሰሞን ለችግኝ ተከላው ቲሸርት ታዘዘ። በሦስት ቀን መጣ! ለኔም አንድ ደርሶኛል። ለብሼው ነው የቆምኩት።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ ሒሳቡን ልንገራችሁ። ቦይለር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሌት አለ። ወደ ቦይለር የሚገባው ውኃ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቅ ባለ ቁጥር ከነዳጁ 1 በመቶ ገደማ ይተርፋል። የጉድጓድ ውኃችን 15 ዲግሪ ነው ብንል፣ በዚያ ቱቦ የሚመለሰው ደግሞ 75 ነው ብንል፣ ልዩነቱ 60 ነው። ሙሉ በሙሉ ብናጣው ከነዳጁ 10 በመቶውን በጎች በሉት ማለት ነው። ነዳጁ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ በዶላር ተገዝቶ የመጣ ነው። 1 ሊትር ፈርነስ፣ ማለትም ቦይለሩ የሚያነደው ወፍራም ነዳጅ፣ ሲቃጠል ደግሞ 3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

በየቢሮው «መብራት ያጥፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ይጥፋ፤ ጥሩ ነው። ግን የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከግድብ ውኃ ነው የሚመጣው። የእኛ ጭስ ያለው አምፖሉ ላይ አይደለም። ቦይለሩና ጄኔሬተሩ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ወረቀት የለጠፈ የለም። የሚያስፈልገውም መፍቻ ነው።

የመንዝ ሰዎች መካከላችሁ አላችሁ። የጓሳን የሣር ሜዳ አባቶቻችሁ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት በባነር አልነበረም። ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍቱት ነበር። ጠባቂ ነበረው፣ ሕግ ነበረው፣ የሚጠየቅ ሰው ነበረው። የእኛን እንፋሎት የሚጠይቅ ማነው? ጥገና ነው እንዳትሉኝ። እኔ ጠይቄያለሁ፤ ፋይሉ ይመስክር!

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ከ10,000 ብር በታች የሆነ የጥገና ዕቃ በአንድ ፊርማ፣ በዕለቱ ይገዛ። ስቶር ውስጥ ጋስኬትና ስቲም ትራፕ፣ ማለትም እንፋሎቱን ይዞ ውኃውን ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ በመጠባበቂያ ይቀመጥ።

ሌላም ጽፌ ነበር። የፌስታሉ ነገር በ2017 በአዋጅ ተከልክሏል፤ ካፌው ያውቃል። ሰርቪሱ ሞተሩን አስነስቶ ግማሽ ሰዓት እንዳይቆም ሾፌሮቹን አናግሬያለሁ። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ደግሞ ራሱ ይናገራል።

ዘንድሮም ሁለተኛው መስመር ላይ እንፋሎት እየወጣ ነው። ከተከላው በኋላ መጥታችሁ እዩት። ለግዢ ኃላፊያችን ደግሞ ሦስቱን ፕሮፎርማ ይዤላቸው መጥቻለሁ። ማኅተማቸው በደንብ ይነበባል። ክቡር ሆይ፣ እስኪርቢቶ አለዎት?