ሞተር ሲደክም የሚቀድመው፦ በአሮጌ አውሮፕላን በረራ መካከል ስለሚያጋጥም ብልሽት፣ በደብረ ብርሃን የተደረገ ንግግር

ክቡራን የአገር ሽማግሌዎች፣ መምህራን፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች፣ ወጣቶች፤ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ለኢትዮጵያ መልሳ ካስረከበቻት ወዲህ፣ ስለ ጥንታዊ አውሮፕላኖች የሚጠይቁኝ ወጣቶች በርክተዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄም «ሞተሩ አየር ላይ ቢቆምስ?» የሚል ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ብቻ ነው። እኔ የጣርማበር ልጅ ነኝ፤ ከባልደረቦቼ ጋር በባለቤትነት ይዘን ኬንያ ውስጥ የምናበራት ፓይፐር ከብ የምትባል አንዲት ባለ 65 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን አለችን። እ.ኤ.አ. በ1946 የተሠራች ስትሆን፣ ባትሪም ሆነ ማስነሻ ሞተር ስለሌላት የምትነሳው ፕሮፔለሯን በእጅ በማዞር ነው።

ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን ወዲያውኑ አይወድቅም። ክንፉ በቂ ፍጥነት እስካለው ድረስ፣ ከብን የመሰለ ቀላል አውሮፕላን ካለበት ከፍታ ከስምንት እስከ አስር እጥፍ የሚደርስ ርቀት እየተንሸራተተ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አብራሪው ሞተሩ ሲንተፋተፍ ወይም ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚያደርገው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን መጠበቅ ነው፤ ቀጥሎ የሚያርፍበትን መሬት ይመርጣል፤ ጊዜ ከተረፈው ብልሽቱን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምናገረው፣ ሰው በተፈጥሮው ተቃራኒውን ማድረግ ስለሚቀናው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ማብሪያና ማጥፊያ ሲነካካ ፍጥነቱ ይሟጠጣል፣ ክንፉም አየሩን መያዝ ያቅተዋል፣ መሬት ቅርብ ከሆነ ደግሞ ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታ አይኖርም።

ይህ ነገር በእኛ ደጋ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ወይም በአብራሪዎች አቆጣጠር ወደ 9,300 ጫማ ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ጠለል አንጻር የተስተካከለው የከፍታ መለኪያ በዚህች ከተማ አናት ላይ 10,000 ጫማ ቢያሳይ፣ ከእግራችን በታች ያለው ባዶ አየር 700 ጫማ ብቻ ነው፤ ሞተር ከጠፋ ይህ የአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነም ተጨማሪ አየር የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ የሚሰጠው ጉልበት በባሕር ጠለል ከሚሰጠው ሰባ በመቶ አካባቢ ነው። የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚደርሰው ግን ከዚያ በፈጠነ ሩጫ ነው፤ የሚያስፈልገው ሜዳም በዚያው ልክ ይረዝማል። እንደኔ እምነት፣ የኛን ከብ የመሰለች አውሮፕላን ሁለት ሰው ጭና ከዚህ ሜዳ ለመነሳት መሞከር የለባትም።

መሬት ስለመምረጥ ለሰሜን ሸዋ ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻኝም። ከታኅሣሥ በኋላ የታጨደ የገብስ ማሳ ጥሩ ነው፤ በክረምት ግን የረጠበ መሬት ጎማውን ውጦ አውሮፕላኑን በአፍንጫው ይደፋዋል። ነፋሱ ከፈቀደ የሚታረፈው በትልሙ አቅጣጫ ሲሆን፣ እርከንን ተሻግሮ ማረፍ ፈጽሞ አይገባም። ከብት ወይም ሕፃናት ያሉበት ሜዳ የቱንም ያህል ቢያምር ይተዋል፤ ክንፉ በባሕር ዛፍ ቢሰበር ይሻላል። ጣርማበር አፋፍ ላይ የሆነ አብራሪ «ከታች ቆላው ስላለ ከፍታ አተርፋለሁ» ብሎ ወደ ደብረ ሲና ማዞር ሊያምረው ይችላል፤ ነገር ግን ሸዋ ሮቢት ሜዳ ከመድረሱ በፊት መሬት ያገኘዋል፣ በመካከሉ ያለውም ገደልና እርከን ነው። አፋፉን ሳይሻገር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ማሳ መመለስ ይበጃል።

አሁን ወደ ሞተሩ ልመለስ። የጣርማበርን ጭጋግ የምታውቁ ሰዎች በአሮጌ ሞተር ላይ የሚደርሰውን የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየርን የሚያቀላቅለው ክፍል) በረዶ ለመረዳት ቅርብ ናችሁ። ቤንዚን በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲተን አየሩን በጣም ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥበት ካለው ውጭው ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ ውስጡ በረዶ ይይዛል። ኬንያ ውስጥ በአበርዴር ተራሮች ግርጌ ስናልፍ ይህ ደርሶብናል። የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን እጀታ፣ ስሮትሉን፣ ማንም ሳይነካው የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ2,150 ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። ባልደረባዬ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ግጦሽ ሜዳ አቀና፤ እኔ ሞቃት አየር የሚያስገባውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ሳብኩ። ዙሩ ጭራሽ ወረደ፤ የቀለጠው ውኃ ወደ ሲሊንደሮቹ ሲገባ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ ማዞሪያውን ይመልሰዋል፤ መመለስ የለበትም፣ መንቀጥቀጡ በረዶው እየለቀቀ መሆኑን ያመለክታልና። ጥቂት ከታገስን በኋላ ዙሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የቀሩትን ብልሽቶች ባጭሩ ልጥቀስ። በከብ ላይ ነዳጅ የሚለካው ቡሽ ላይ በቆመ ሽቦ ሲሆን፣ ሽቦው በታንከሩ ክዳን በኩል ከመስተዋቱ ፊት ለፊት ይታያል። በዚያው ክዳን ላይ ያለች ትንሽ የአየር ቀዳዳ በጭቃ ወይም በነፍሳት ከተደፈነች፣ ነዳጅ ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ሊጠማ ይችላል። ለካንዴላ የእሳት ብልጭታ የሚያመነጩት ሁለቱ ማግኔቶዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ካንዴላ ያቀጣጥላሉ፤ አንዱ ተበላሽቶ ሞተሩን ካንገጫገጨው፣ ማብሪያውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሞክሮ ሞተሩ ለስላሳ ሆኖ በሚሠራበት ላይ መተው ነው። የዘይት ግፊት ወርዶ ሙቀቱ ከጨመረ ግን ሞተሩ ገና እየሠራ ሳለ ማረፍ ያስፈልጋል።

ከተነሱ በኋላ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ሞተር ቢጠፋ ወደ ተነሱበት ሜዳ ለመዞር መሞከር ብዙ አብራሪዎችን ገድሏል። ከፍታ ሳይለቅ በ60 ዲግሪ አዘንብሎ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ አየሩን መያዝ አቅቶት የሚከዳው በቀጥታ በረራ ከሚከዳው በ41 በመቶ ከፍ ባለ ፍጥነት ነው፤ ላለመክዳት አፍንጫውን ቢደፋ ደግሞ ያቺኑ ትንሽ ከፍታ ይጨርሳታል። ወደ ፊት፣ በስተቀኝና በስተግራ ካለው መሬት የተሻለውን መርጦ ማረፍ፣ አውሮፕላኑ ቢሰባበር እንኳ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉን ያሰፋል።

የግል አውሮፕላን ባለቤት ከጀርባው የጥገና ክፍል የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ በየበረራው የታየችውን ትንሽ ለውጥ ሁሉ፣ የዘይት ጠብታም ትሁን የዙር መቀነስ፣ በዕለቱ በመዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት፤ በቀጣዩ ጠዋት መካኒኩ ሞተሩን ከመክፈቱ በፊት ያንን መዝገብ ያነባልና። ከእናንተ መካከል መካኒክ ለመሆን የምትማሩ ካላችሁ፣ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ካርቡሬተር ፈትታችሁ ጉሮሮውን እንድታዩት አመጥቼዋለሁ፤ ጥያቄያችሁን እዚያው ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።