ለሕፃን ብርድ ልብስ መሃሉ ምን ይግባ?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የላይ ጨርቅና ገበር]

ሰላም ናችሁ? ለሕፃን በእጃችሁ ብርድ ልብስ ልትሰፉ ነው እንበል። የላዩን ጨርቅ መርጣችኋል፣ ገበሩም ተገዝቷል። የቀረው በሁለቱ መሃል የሚገባው ሙሌት ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ሱቅ ውስጥ ባቲንግ ሲሉት ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ወፈር ይበል፣ ሕፃኑ እንዳይበርደው» ብሎ ከሁሉ ወፍራሙን ያነሳል። እኔ ግን ሳሳ ያለውን፣ አየር የሚያስገባውንና መታጠብ የማያበላሸውን አንሱ ነው የምለው።

መጀመሪያ ብርድ ልብሱ የት እንደሚውል እንነጋገር። ምክንያቱም ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ላይ ብርድ ልብስ፣ ትራስም ሆነ ለስላሳ ነገር እንዳይቀመጥ ይመክራል። ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሽ ሊያሳጣው ስለሚችል ነው። በእጅ የተሰፋም ቢሆን፣ አያት የሰፋችውም ቢሆን ያው ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት ምን ይሠራል? ወለል ላይ ይነጠፋል፣ ሕፃኑ በሆዱ ተኝቶ አንገቱን ማቅናት ይለማመድበታል፣ ጋሪ ላይ እያያችሁት እግሩ ላይ ጣል ይደረጋል። ማስታወክ አለ፣ ወተት መድፋት አለ፣ ዳይፐርም ያመልጣል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መታጠቡ አይቀርም። ወፍራም ሙሌት ሲታጠብ ቶሎ አይደርቅም፣ ወለል ላይም ይታጠፋል እንጂ ልጥፍ ብሎ አይነጠፍም።

[ምስል፦ ጥጥ፣ ቅይጥ፣ ፖሊስተርና ሱፍ ጎን ለጎን]

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ጥጥ ነው። አየር ያሳልፋል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ጋለ ያለ ካውያም ይችላል። ግን ይሰበሰባል፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ። 110 ሴንቲሜትር የነበረ ብርድ ልብስ እስከ 5 ሴንቲሜትር ተኩል ሊያጥር ይችላል ማለት ነው። በስፌቱ ዙሪያ ጨርቁ ጨምደድ ይላል። ይህን መልክ የሚወዱ አሉ፣ እኔም አንዷ ነኝ። የማትወዱ ከሆነ ማሸጊያው ላይ አስቀድሞ ማጠብ ይቻል እንደሆነ አንብቡ፤ አንዳንዱ ሳይሰፋ በማሽን ከታጠበ ይበጣጠሳል። ያልነጣ ጥጥ ደግሞ የፍሬው ቅርፊት ነጠብጣብ ይኖርበታል። የላዩ ጨርቅ ነጭና ስስ ከሆነ ያ ነጠብጣብ አልፎ ይታያል፣ የነጣውን ግዙ።

ማሸጊያው ላይ ሌላም የምትፈልጉት ቁጥር አለ፦ በአንዱ ስፌትና በሌላው መካከል ስንት ሴንቲሜትር መተው እንደሚቻል። አንዳንዱ ጥጥ ውስጡ ስስ መረብ ስላለው ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ድረስ ማራራቅ ይፈቅዳል። መረብ የሌለው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ካልተሰፋ ታጥቦ ሲወጣ ይጓጎላል። በእጅ የምትሰፉ ከሆነ ይህ ቁጥር የሥራችሁን ቀን በእጥፍ ሊጨምረው ይችላል፣ ሳታዩት አትክፈሉ።

80 በመቶ ጥጥ፣ 20 በመቶ ፖሊስተር የሆነ ቅይጥም አለ። ቀለል ይላል፣ መሰብሰቡም ይቀንሳል። ለጀማሪ ጥሩ ነው።

ሙሉ ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ አይሰበሰብም፣ ቶሎ ይደርቃል። ለሕፃን የማልመርጠው ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ካውያ ሲበዛበትም ይቀልጣል። ጥራቱ ዝቅ ያለው ደግሞ ፀጉሩ በጨርቁ ቀዳዳ እየሾለከ ይወጣል፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱፍ ይሞቃል፣ ቀላልም ነው። ግን አጣጠቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ጨቅላ የያዘች እናት ደግሞ ለዚያ ጊዜ የላትም። በውስጡ ክብደት የሚጨመርበትን ዓይነት ለሕፃን ጭራሽ አታስቡት።

[ምስል፦ ያረጀ ጋቢ፣ ጠርዙ ሲፈታ]

አገር ቤት ያላችሁ፣ ወይም ሻንጣ ውስጥ ጋቢ ከታችሁ የሄዳችሁ፣ ይህን ስሙኝ። ያረጀ ጋቢ ድንቅ ሙሌት ነው! ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ለሕፃን ሁለቱ ይበቃል። ጠርዙን ፍቱና ለዩት። ደጋግሞ ስለታጠበ ከዚህ በላይ ብዙም አይሰበሰብም፣ የተሸመነ ስለሆነ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ አይሸሽም። ጥለቱን ቁረጡት፣ ቀለሙ እንዳይለቅ። ከዚያ ወደ መስኮት አንስታችሁ እዩት፣ የሳሳው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ እዚያ ጋ በሌላ ቁራጭ ደግፉት።

ባዘቶ ግን እንዲሁ አትጠቅጥቁበት። አንዴ ሲታጠብ ወደ ጥግ ይሄድና እንደ ጠጠር ይቋጠራል። ካለሱ አማራጭ ከሌለ በስሱ ዘርጉት፣ ስፌቱን በየ4 እና 5 ሴንቲሜትሩ አቀራርቡ።

[ምስል፦ 20 በ20 ሴንቲሜትር ናሙና፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ]

የመረጣችሁትን ከመቁረጣችሁ በፊት ናሙና ሥሩ። ከሦስቱም ንብርብር 20 በ20 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ስፉ፣ እናትየው እንደምታጥበው እጠቡት፣ አድርቁትና ለኩት። በጣታችሁ መሃል ይዛችሁ አሹት። ውስጡ ከተንሸራተተ ስፌቱ ይቅረብ። ስንቱን እንዳጠረ አይታችሁ ልኩን አስተካክሉ።

ለ90 በ110 ብርድ ልብስ ሙሌቱን 100 በ120 ቁረጡ፣ በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር ትርፍ እንዲኖረው፤ ሲሰፋ ይሳባል። ንብርብሩን የምታያይዙበትን መርፌ ቁልፍ ቆጥራችሁ ሰክታችሁ ቆጥራችሁ ንቀሉ። አንድ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ጠርዙን አትዝጉ።

ስጦታ ከሆነ ገበሩ ላይ ትንሽ ጨርቅ ስፉና ውስጡ ምን እንዳለና በምን ዓይነት ውኃ እንደሚታጠብ ጻፉበት። ኮምፒውተር ላይ ያለ መልእክት ይጠፋል፣ ጨርቁ ግን አብሮ ይታጠባል። ናሙናችሁ ምን ያህል እንዳጠረ ከታች ጻፉልኝ፣ በተለይ ጋቢ የሞከራችሁ።