የመሀል ደሴ ሱቆች እንዳይዘጉ፦ በነጋዴዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የከተማ አስተዳደሩ ተወካዮች፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንድ ነው፤ እርሱም በፒያሳ፣ በአራዳና በቧንቧ ውሃ የምናውቃቸው ሱቆች አንድ በአንድ እየተዘጉ መሄዳቸው ነው።

ከተማችን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተዘረጋች በመሆኗ ንግዷ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ተሰባስቦ ኖሯል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገደኛ ከዚህ መንገድ ሳይገዛ አይሄድም ነበር፤ በሰኞ ገበያም ከኩታበርና ከሐይቅ የሚመጣው ገበሬ እህሉን ሸጦ ጨርቁንና የቤት ዕቃውን ከእኛው በረንዳ ይሸምት ነበር። ልብስ ሰፊው መኪናውን በጨርቅ ነጋዴው ደጃፍ የሚዘረጋው ገበያተኛው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ስለሚገባ ነው። ስለዚህ አንድ ሱቅ ሲዘጋ ጉዳቱ በባለቤቱ አያበቃም፤ ጎረቤቱም ደንበኛ ያጣል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማችን በጦርነት ስትያዝ ብዙዎቻችሁ ዕቃችሁ ተዘርፎ ከባዶ መደርደሪያ ጀምራችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ትናንት የሸጥነውን ዕቃ በሸጥንበት ገንዘብ መልሰን መተካት አቅቶናል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ ወጣቶችና የመንገድ ላይ ነጋዴዎች ገበያችንን ወሰዱ የሚለው ቅሬታም በየስብሰባው ይነሳል። እኔ ግን እነዚህን ልጆች እንደ ጠላት ማየት አልፈልግም፤ ወደ ስልክና ወደ አስፋልት ዳር የገፋቸው አንዱ ምክንያት እኛንም ከሱቃችን እያስወጣን ያለው የኪራይ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ሱቅ የሚከራይ ሰው ዕቃ ከማስገባቱ በፊት ለቁልፍ ይከፍላል፤ የወራት፣ አንዳንዴም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ያስረክባል። ደንበኛ ማፍራት ሲጀምር ኪራዩ ይጨመርበታል፤ አልችልም ካለም ይለቃል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት በዞሩት ቤቶችም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ተከራይ ለሦስተኛ ወገን በብዙ እጥፍ የሚያከራይበት ጊዜ አለ፤ ጣሪያውና ግድግዳው ግን የሚያድሰው አጥቶ ያረጃል። ይህን የምናገረው ድርጊቱ ከመካከላችን ጭምር የሚፈጸም መሆኑን እያወቅሁ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ የንግድ ቤትን ግን አይሸፍንም። ለነጋዴው የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ እርሱም የኪራዩን መጠን በዋናነት ለተዋዋዮች ስምምነት የሚተው ነው። እንግዲህ ስምምነቱ በእጃችን ከሆነ የሕግ አውጪውን ደጅ እየጠናን ብቻ መቀመጥ አይገባንም፤ አከራዩም ተከራዩም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋልና።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ያዘጋጀው ረቂቅ ውል ከሰዓት በኋላ ይቀርብላችኋል። ረቂቁ የሱቅ ኪራይ ዘመን ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪው ውሉ ሲፈረም አስቀድሞ እንዲጻፍና የቁልፍ ክፍያ እንዲቀር ይጠይቃል። የሕንፃ ባለቤት የሆናችሁ አባላት መጀመሪያ እንድትናገሩ እድሉን የምንሰጠው እናንተን ለመክሰስ ሳይሆን፣ የባንክ ዕዳና የግብር ጫና ያለባችሁ መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ተከራዮችም ደረሰኝ እንድንቆርጥና ኪራዩን በባንክ እንድንከፍል ለሚቀርብብን ጥያቄ ግልጽ መልስ ይዘን እንቅረብ። ረቂቁ በአብላጫ ድምፅ ከጸደቀ፣ የመንግሥት ቤቶችን የሚመለከተውን ክፍል ይዘን ወደ ከተማ አስተዳደሩ እንሄዳለን።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እየገለጽሁ፣ ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጋብዛለሁ።