ደንገጎን ከመውጣቴ በፊት

እንደምን አመሻችሁ፣ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳይ የራሴ ነው። ዕድሜዬ 39 ነው፤ በድሬዳዋ የማደንዘዣ ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ 14 ዓመት ሞላኝ፤ ሰኞ ደግሞ በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ በሙያዬ ለማገልገል ማመልከቻ ይዤ ወደ ሐረር እወጣለሁ።

ሐሳቡ የተጸነሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሌሊት ዲዩቲ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ አራት ሰዎች ባንድ ጊዜ መጡልን፤ በማደንዘዣ በኩል የነበርነው ግን ሁለት ብቻ ነበርን። ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ኬታሚን የመረጥሁት ከብዙዎቹ ማደንዘዣዎች በተሻለ እስትንፋስንና የደም ግፊትን ስለሚጠብቅ ነው፤ በጦር ሜዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን የተወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲነጋ፣ እጄ ከሁሉ የተሻለ የሚሠራው ቁስለኛ በዝቶ ጊዜ ሲያጥር መሆኑን ተረዳሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በሠራዊቱ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱብኝ የማዕረግ ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከእኔ በ15 ዓመት ለሚያንስ መኮንን ሰላምታ መስጠት ይከብድሻል ይሉኛል። አይከብደኝም። በኦፕሬሽን ክፍል ከእኔ ያነሱ ሐኪሞች አርመውኝ አመስግኜ ተቀብያለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ከፊቴ ለተኛው ሕመምተኛ ብቻ ስታዘዝ ኖሬአለሁ፤ የደንብ ልብስ ከለበስሁ በኋላ ግን አዛዥም ይኖረኛል፤ እንደ ሲቪል ባለሙያ መልቀቂያ አስገብቶ በፈለጉት ቀን መሄድም የለም። ሁለቱ በአንድ ቁስለኛ ላይ ባይስማሙ የማንን ቃል እሰማለሁ?

መልሱን ፍለጋ ኢትዮጵያም የተቀበለቻቸውን፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የወጡትን የጄኔቫ ስምምነቶች አነበብሁ። የመጀመሪያው ስምምነት 12ኛ አንቀጽ፣ በሕክምና ቅድሚያ መስጠት የሚቻለው በአስቸኳይ የሕክምና ምክንያት ብቻ ነው ይላል፤ ስለዚህ ማዕረግ ወረፋ አያስቀድምም፣ የቆሰለው የጠላት ወታደር መሆኑም ወደ ኋላ አያስቀረውም። የሕክምና ባለሙያ ራሱንና ቁስለኞቹን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ እንደሚችልም በዚያው ስምምነት ውስጥ ሰፍሯል። ወረቀት ብቻውን ቦምብ እንደማያቆም አውቃለሁ፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደብድበውታል፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሐረርም ተደብድባለች። ቢሆንም አንቀጹን ሳነብ የደንገጎውን ሌሊት አስታወስሁ፤ ያን ጊዜ ያለ አዛዥ የወሰንሁትን አሁን ሕጉ ራሱ ያዝዘኛል።

ነገር ግን ይህ አንቀጽ የማይመልስልኝ አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ እርሱም ቁስሉ የዳነ ወታደር ወደ ክፍሉ ስለሚመለስበት ጊዜ ነው። አጥንቱ ገጥሞ እንቅልፍ ግን ያጣውን፣ በር በተዘጋ ቁጥር የሚደነግጠውን ልጅ «ገና ነው» ብለን ብንጽፍለት፣ ጽሑፋችን ውሳኔ ነው ወይስ ምክር? ክፍሉ ሰው አንሶት የሚጠብቅ አዛዥ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚቸኩለው፤ ስለ ቀሩት ወታደሮችም ኃላፊነት አለበት። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ ሰው ጋር መሟገት ከክፉ ሰው ጋር ከመሟገት ይልቅ ይከብዳል። አንድ ቀን ደክሞኝ ዝም እንዳልል እሰጋለሁ።

እናቴ ሐረር ነው ያደገችው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ገና ልጅ ሳለች ለቁስለኞች ውኃ ታቀብል ነበር። ነገሩን ስነግራት ብዙ ዝም አለችና፣ «ልጄ፣ እንቢ ስትዪ የሚሰማሽ ሰው እዚያ አለ?» አለችኝ። ስለ ደመወዝም ሆነ ስለ ጦርነት አንድ ነገር አልጠየቀችኝም።

ጥያቄዋን ከማመልከቻው ጋር በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ሰኞ ላነጋግረው ቀጠሮ የያዝሁትን መኮንን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እርሱን ነው። እናቴም ጁገል ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ አብራኝ ትወጣለች፤ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት መልሱን እንድነግራት አስምላኛለች።